ለትዳር ጓደኛ የሚገዛ ላፕቶፕ፦ ከፕሮሰሰሩ ስም ይልቅ ትውልዱ

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ በሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግል ሠራተኛ ለትዳር ጓደኛው ላፕቶፕ ለመግዛት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «ኮር አይ 5 ነው ወይስ አይ 7?» የሚል ነው። ሻጩም ጥያቄውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ከማሽኑ ገጽ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ምልክት በጣቱ ያሳያል፤ ዋጋውንም ይናገራል። የበርካታ ወራት ደመወዝ ከእጅ የሚወጣበት ውሳኔ በዚህች አጭር ምልልስ ይቋጫል። ምልክቷ ግን ስለ ማሽኑ ትክክለኛ አቅም የምትናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

ጉዳዩ በቀላሉ እንዳይታይ የሚያደርጉ ምክንያቶች አሉ። በአገራችን ለሽያጭ የሚቀርቡ ላፕቶፖች በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው የሚገቡ በመሆናቸው፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ዕቃውን በብር መግዛት ከቀድሞው ይበልጥ ከብዷል። ቀደም ሲል «ካልሆነም ሌላ እንገዛለን» ተብሎ ሊታለፍ ይችል የነበረ የምርጫ ስሕተት ዛሬ የቤተሰብን የረጅም ጊዜ ቁጠባ ይዞ የሚሄድ ነው። በሌላ በኩል ላፕቶፕ በቤት ውስጥ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። መምህራን የተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል ይይዛሉ፤ በርቀት የሚማሩ ወገኖች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ራሳቸው ይተይባሉ፤ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብርም ፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስን የመሳሰሉ ሥልጠናዎችን ኢንተርኔትና ኮምፒውተር ላለው ሁሉ ክፍት አድርጓል።

ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለሚጠቀምበት ሰው ነው። የትዳር ጓደኛ በየዕለቱ ምን ይሠራበታል? በጋሞ ዞን ሁኔታ መልሱ ብዙ መልክ አለው። ከሙዝ አምራቾች ጋር የሚገበያይ ነጋዴ የሚያስፈልገው የገቢና የወጪ መዝገብ የሚይዝበት፣ ቁጥር በፍጥነት የሚያስገባበት ማሽን ሲሆን፣ በቀኝ በኩል የተለየ የቁጥር ሰሌዳ ያለው ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ይስማማዋል። በየቀኑ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በባጃጅ እየወጣች የምታስተምር መምህርት ግን ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ማሽን ብትሰጣት ከሳምንት በኋላ ቤት ትታው መሄዷ አይቀርም፤ ለእርሷ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልበለጠ ባለ 14 ኢንች ማሽን ይሻላል። ማታ ማታ ውጭ አገር ካሉ ልጆች ጋር በምስል ለሚነጋገሩ ወላጆች ካሜራውና ድምፁ ከፕሮሰሰሩ እኩል ዋጋ አላቸው።

አንዳንድ ባለሥልጣናትና ኃላፊዎች ለባለቤታቸው ላፕቶፕ ሲገዙ ድንገተኛ ስጦታ አድርገው ማቅረብን ይመርጣሉ። ስጦታው መልካም ነው። ይሁንና የአንገት ሐብል በድንገት ሊሰጥ ቢችልም ላፕቶፕ ግን የሥራ መሣሪያ በመሆኑ ከሚሠራበት ሰው ጋር ሳይመክሩ ቢገዙት ብዙውን ጊዜ የገዢውን እንጂ የተጠቃሚውን ፍላጎት ይዞ ይመጣል። ባል ለሚስቱ ብሎ የገዛው የጨዋታ ላፕቶፕ መጨረሻው የት እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ፍላጎቱ ከታወቀ በኋላ ወደ ፕሮሰሰሩ መሄድ ይቻላል። ፕሮሰሰር ማለት ኮምፒውተሩ የሚታዘዘውን ሁሉ የሚያሰላው ክፍል ነው። በውስጡ «ኮር» የሚባሉ የስሌት ክፍሎች አሉት፤ እነዚህን በአንድ ክፍል ውስጥ እንደሚሠሩ ጸሐፊዎች ማየት ይቻላል። ሁለት ጸሐፊዎች ካሉ፣ አንዱ ደብዳቤ ሲተይብ ሌላው ፋይል ይፈልጋል፤ ሦስተኛ ሥራ ሲመጣ ግን ወረፋ ይያዛል። ዎርድ፣ ኤክሴል፣ አሥር የተከፈቱ የኢንተርኔት ገጾችና ከበስተ ጀርባ የሚሠራ የቫይረስ መከላከያ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ባለ ሁለት ኮር ማሽን የሚንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊዎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን ቅልጥፍናም ያስፈልጋቸዋል፤ ቅልጥፍናው ከዓመት ዓመት የሚሻሻለው ደግሞ በትውልድ፣ በገበያው አጠራር በ«ጀነሬሽን» ነው።

አብዛኛው ገዢ የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ነው። የኢንቴል ኩባንያ አይ 3፣ አይ 5 እና አይ 7 የሚሉትን ስሞች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀምባቸው የቆየ ሲሆን፣ ስሞቹ የሚያመለክቱት በአንድ ትውልድ ውስጥ ያለውን ደረጃ ብቻ ነው። አንድ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ በ2016 የወጣው አይ7-7500ዩ የተባለው ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ኮር ሁለት ነው። በቀጣዩ ዓመት እ.ኤ.አ በነሐሴ 2017 የወጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። ሁለቱም የሚወስዱት የኤሌክትሪክ ኃይል በመደበኛ መጠን 15 ዋት ሲሆን፣ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲቀርብ «አይ 5» የተባለው «አይ 7» የተባለውን በግልጽ ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ በ2022 የወጣው አይ3-1215ዩ ደግሞ ስድስት ኮር ያለው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩ በርካታ አይ 7 ፕሮሰሰሮችን ወደ ኋላ ያስቀራል። በመሆኑም ሻጭ «አይ 7 ነው» ሲል ተገቢው ተከታይ ጥያቄ «ስንተኛ ትውልድ?» የሚል ነው።

ትውልዱን ለማወቅ ሻጩን ማመን የግድ አይደለም፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። ቁጥሩ እንደ 8250 በ8 ሲጀምር ስምንተኛ ትውልድ ነው። ከአሥረኛው ትውልድ ጀምሮ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች አንድ ላይ ይነበባሉ፤ 1135 የአሥራ አንደኛ፣ 1235 የአሥራ ሁለተኛ ትውልድ ናቸው። 1135ን አይቶ «አንደኛ ትውልድ ነው» ብሎ ጥሩ ማሽን የሚተው ገዢ እንደሚኖር ሁሉ፣ በእውነት የአንደኛ ትውልድ የሆነውን ባለ ሦስት አኃዝ ፕሮሰሰር በአይ 7 ስሙ ብቻ በውድ የሚገዛም አለ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚባለው እንዲህ ያለው ግዢ ሲያጋጥም ነው። ኢንቴል ከእ.ኤ.አ ታኅሣሥ 2023 ወዲህ በአዳዲስ ምርቶቹ ላይ «አይ» የምትለዋን ፊደል አስቀርቶ «ኮር አልትራ 5»፣ «ኮር አልትራ 7» እያለ መሰየም መጀመሩም ሊታወቅ ይገባል።

የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን ፕሮሰሰሮችም በገበያው ይገኛሉ፤ በጥራትም ከኢንቴል የሚያንሱ አይደሉም። አሰያየማቸው ግን ይበልጥ ያደናግራል። ኩባንያው በ7000 ተከታታይ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የመጀመሪያውን አኃዝ ለሽያጭ ዘመኑ፣ ሦስተኛውን አኃዝ ለውስጣዊ አሠራሩ ትውልድ ሰጥቷል። ስለዚህ ራይዘን 5-7520ዩ እና ራይዘን 5-7530ዩ የሚለያዩት በአንዲት አኃዝ ብቻ ቢመስልም፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ በ2019 በተዋወቀው «ዜን 2» አሠራር ላይ የቆመ ባለ አራት ኮር፣ ሁለተኛው ደግሞ በ«ዜን 3» ላይ የተሠራ ባለ ስድስት ኮር ነው። ራይዘን ሲገዙ ሦስተኛውን አኃዝ ማየት ብቻውን ብዙ ያተርፋል።

ስምንተኛ ትውልድ የሚለው ወሰን ሌላም ከባድ ምክንያት አለው። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ ከኤኤምዲ በኩል ደግሞ በአብዛኛው ከራይዘን 3000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉትን ነው። በማሽኑ ውስጥ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል እንዲኖርም ይጠይቃል። በውጭ አገር የሚገኙ ድርጅቶች ይህን መስፈርት የማያሟሉ ላፕቶፖቻቸውን ማስወገዳቸው የማይቀር በመሆኑ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች በያገለገለ ዕቃ ገበያ ረክሰው ቢገኙ ሊያስደንቅ አይገባም። ባለሙያዎች መስፈርቱን አልፈው ዊንዶውስ 11ን የሚጭኑበት ዘዴ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ኩባንያው ለእነዚህ ማሽኖች ወደፊት ማሻሻያ ስለመስጠቱ ዋስትና አይሰጥም። በባንክ መተግበሪያና በግብር ድረ ገጽ ለሚገለገል የቤተሰብ አባል እንዲህ ያለውን ማሽን መግዛት አይመከርም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር በየቤቱ የሚነሣ ነው፤ አዲስ ይገዛ ወይስ ያገለገለ? በተመሳሳይ ዋጋ አካባቢ ገዢው ሁለት ዓይነት ማሽን ሊያገኝ ይችላል። አንደኛው ከነካርቶኑ የታሸገ፣ ሴሌሮን ኤን4020 የተባለ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው አዲስ ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት በውጭ ድርጅት ያገለገለ እንደ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲቲውድ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ያለ የቢሮ ማሽን ሆኖ፣ ስምንተኛ ትውልድ አይ 5፣ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ የያዘ ነው። አዲሱ ዓይን ይማርካል፤ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ ይቀበላል። ነገር ግን ኤን4020 በ6 ዋት የሚሠራ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር በመሆኑ፣ ሥርዓተ ክወናው ራሱን ሲያሻሽል ብቻ ሌላ ሥራ እስኪያቆም ይንቀራፈፋል፤ 64 ጊጋባይቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ባትሪው የተፈተሸ ወይም የተለወጠለት ያገለገለ የቢሮ ማሽን ከእንዲህ ዓይነቱ አዲስ ማሽን ያለ ጥርጥር ይመረጣል። የቢሮ ማሽኖች ክፈፋቸው ጠንካራ፣ የቁልፍ ሰሌዳቸው ለረጅም ጽሑፍ የተመቸ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ራምና ማከማቻ መለወጥ ይቻላል። ገንዘቡ ለአዲስ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2023 ወደ ገበያ የገባው ባለ አራት ኮሩ ኢንቴል ኤን100፣ 8 ጊጋባይት ራም ከተጨመረለት፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት የሚበቃ መካከለኛ አማራጭ ነው።

ያገለገለ ሲገዛ የሞዴሉን ስም ብቻ ይዞ መሄድ ግን አያስተማምንም። ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ480 የተባለው ተወዳጅ ማሽን ከፋብሪካው ሲወጣ በሰባተኛም በስምንተኛም ትውልድ ፕሮሰሰር ተሠርቷል። መልኩ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ይለያያል።

አሁን ወደ አካባቢው የአየር ጠባይ እንምጣ፤ በየትኛውም የውጭ አገር የግዢ መመሪያ ላይ የማይገኘው ይህ ነውና። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ የተቀመጠች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በተለይ በየካቲትና በመጋቢት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ደግሞ ከውጭው ሊብስ ይችላል። አብዛኞቹ የላፕቶፕ አምራቾች ምርታቸው እንዲሠራበት የሚመክሩት የአካባቢ ሙቀት ከፍተኛው መጠን 35 ዲግሪ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ የቀትር በኋላ ሥራ የሚሠራ ላፕቶፕ ከወሰኑ አጠገብ ይሠራል ማለት ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በምትገኘው በጨንቻ ግን ያው ማሽን ማራገቢያው ሳይሰማ ሊውል ይችላል።

ይህ ከፕሮሰሰር ምርጫ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከኢንቴል ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» የምትለዋ ፊደል በአብዛኛው 15 ዋት አካባቢ የሚወስድ ቆጣቢ ፕሮሰሰር መሆኑን ስታመለክት፣ «ኤች» ደግሞ 45 ዋት አካባቢ የሚወስድ፣ ለቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ ለምሕንድስና ሥዕልና ለጨዋታ የታሰበ ኃይለኛ ፕሮሰሰርን ታመለክታለች። የወሰደው ኃይል ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ማንኛውም ዘመናዊ ፕሮሰሰር ውስጣዊ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለሆነም በሞቃት ክፍል ውስጥ ያለ ባለ «ኤች» ማሽን በዋጋው ልክ የተከፈለበትን ፍጥነት ሳይሰጥ፣ ማራገቢያው እየጮኸና ባትሪው ቶሎ እያለቀ ይውላል። የሕንፃ ንድፍ ወይም የቪዲዮ ሥራ ለሌለው የትዳር ጓደኛ «ዩ» የተባለው ከበቂ በላይ ሲሆን፣ በቆላው የአየር ጠባይ ደግሞ የተሻለው ነው። ማራገቢያ የሌላቸው፣ እ.ኤ.አ ከ2020 ጀምሮ በራሱ በአፕል ፕሮሰሰር የሚሠሩት ማክቡክ ኤር ላፕቶፖች በቁጠባና በጸጥታ የተመሰገኑ ናቸው፤ ዋጋቸውና ከታች የሚነሣው የአማርኛ ትየባ ጉዳይ ግን ይታሰብባቸው።

የሙቀቱ ነገር በአጠቃቀምም ይወሰናል። የብዙ ላፕቶፖች አየር መሳቢያ ከታች በኩል ነው። የዶርዜ ሸማኔዎች ጋቢ ለሰው የሚሰጠው ሙቀት የተመሰገነ ቢሆንም፣ ላፕቶፕን ጋቢ ወይም ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መሥራት አየር መሳቢያውን እንደ መድፈን ይቆጠራል። ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ትሪ ይበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ማራገቢያውን በባለሙያ ማስጠረግም አቧራ ለበዛበት ቤት አስፈላጊ ነው።

ሙቀት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ባትሪን ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ በሞቃት ቦታና ሁልጊዜ መቶ በመቶ ተሞልቶ ሲቀመጥ ቶሎ ያረጃል። በርካታ የቢሮ ላፕቶፖች ኃይል መሙላትን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አላቸው፤ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ሶኬት ላይ የሚውል ከሆነ ይህን ማብራት ዕድሜውን ያራዝማል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት ሁኔታ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላፕቶፕነቱን ያጣል። የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ውጤት የሚያስገባ መምህር መብራት በጠፋባት ቅጽበት ያላስቀመጠውን ሥራ እንዳይቀማ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ሊኖረው ይገባል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መልሶ መሰካትም የኃይል መዋዠቁ ከሚያስከትለው ጉዳት ያድናል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩንና ዋቱ ማሽኑ ከሚጠይቀው ጋር መስማማቱን ማየት አይከፋም። በዩኤስቢ ሲ ኃይል የሚቀበል ላፕቶፕ ከተገኘ በተመጣጣኝ ፓወር ባንክም ሊሠራ ስለሚችል ለዚህ አካባቢ ተመራጭ ነው።

ስለ ራምና ስለ ማከማቻ ብዙ ማለት አያሻም። ራም ከ8 ጊጋባይት አይነስ፤ ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን። ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ቢጎብዝ ሲበራ ደቂቃዎችን ይወስዳል። ቀድሞውኑ በቤት ውስጥ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ግን ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ካለ፣ ሌላ ከመግዛት በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ማስለወጥ መሞከር አለበት። ወጪው ከአዲስ ግዢ ጋር አይነጻጸርም፤ ለውጡ ግን ማሽኑን ለሚያውቀው ሰው እንኳ ያስገርማል።

ለአማርኛ ጽሑፍ የሚገዛ ከሆነ ሌላ መታሰብ ያለበት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደላት እ.ኤ.አ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቋሚ ቦታ ካገኙ በኋላ በማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒውተር መጻፍ ተችሏል። ሆኖም በመሥሪያ ቤቶቻችን በስፋት የተለመደው ፓወር ግዕዝ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። በዩኒኮድ ያልተጻፉ የቆዩ ሰነዶችም ተገቢው ፊደል ካልተጫነ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች የተሞላ ትርጉም የለሽ ገጽ ሆነው እንደሚከፈቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ክሮምቡክ፣ ማክቡክ ወይም ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን የሚገዛ ሰው አማርኛን በሌላ የመተየቢያ ዘዴ መልመድ ይጠበቅበታል። ወጣት ተጠቃሚ በአንድ ቀን ይለምደዋል፤ ሃያ ዓመት በአንድ ዓይነት አመታት የተየበ እጅ ግን በቀላሉ አይለወጥም። እ.ኤ.አ ከ2024 ወዲህ በስናፕድራገን ኤክስ ፕሮሰሰር የቀረቡት ላፕቶፖች ባትሪያቸው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ቢሆንም፣ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞችና የማተሚያ ማሽን ሶፍትዌሮች በእነርሱ ላይ ላይሠሩ ይችላሉ። በመሆኑም ከግዢ በፊት የሚፈለጉትን ፕሮግራሞች ጭኖ መሞከር ይገባል።

እስካሁን ያልተነሣ፣ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢያን ግን የቅርብ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ። በብዙ ቤት የትዳር ጓደኛ የሚጠቀመው ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ማታ ማታ የኃላፊው ማሽን ይከፈታል፤ ልጆች ፊልም ያዩበታል፤ ባለቤት የጓደኛን ፍላሽ ዲስክ ትሰካበታለች። የመንግሥት ንብረት መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ በውስጡ የዜጎች ስም፣ የመሬት ይዞታ፣ የደመወዝና የጤና መረጃ ሊኖር ይችላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት መረጃው ላልተፈቀደለት ሰው እንዳይጋለጥ የመጠበቅ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ከፍላሽ የገባ አንድ ቫይረስ በበነጋታው ከመሥሪያ ቤቱ አውታር ጋር ሲገናኝ የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ይንገሩን። ለባለቤት የራሷ ወይም የራሱ ማሽን መግዛት ከስጦታነቱ ባሻገር ኃላፊውን ከዚህ ሁሉ የሚያድን ነው። ማሽኑ የራስ ሲሆን የተጠቃሚ ስሙም ይለፍ ቃሉም የባለቤቱ ይሁን። «የቤቱ ኮምፒውተር» እየተባለ የሁሉም የሆነ ላፕቶፕ የምርቃት ጽሑፏን የምታዘጋጅ ሚስት ተራ የምትጠብቅበት ዕቃ ይሆናል።

በመጨረሻ ከሱቁ ስለሚደረገው ፍተሻ። አርባ ምንጭ ላይ የሚፈለገው ማሽን ካልተገኘ ብዙዎች አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ያስገዛሉ፤ ለዘመዱም ይህንኑ ዝርዝር በስልክ መንገር ይቻላል። በዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያም «አባውት» የሚለውን ቢከፍቱ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥርና የራሙ መጠን ይታያል፤ «ታስክ ማናጀር» ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ገጽ የኮሩን ብዛትና ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። የተለጠፈው ምልክት ከዚህ ጋር ካልተስማማ ምልክቱ ሳይሆን ማሽኑ ይታመን። ዊንዶውስ ስለ ባትሪው የተሟላ ሪፖርት የማውጣት ችሎታ ስላለው ሻጩ እንዲያወጣው ይጠየቅ። ባትሪው ሲሠራ 50 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ሆኖ አሁን የሚይዘው 20 ሺህ ብቻ ከሆነ የቀረው አቅም 40 በመቶ ነው፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ ሊቀነስ ይገባል። ከውጭ ድርጅት የመጣ ማሽን በባዮስ ይለፍ ቃል አለመቆለፉ፣ አጥፍቶ በማብራት መረጋገጥ አለበት፤ የተቆለፈ ከሆነ ወደፊት ሥርዓተ ክወናውን እንደገና መጫን አስቸጋሪ ይሆናል። የዋስትናው ጊዜና የማሽኑ መለያ ቁጥር የሰፈረበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከሱቅ አለመውጣት ለማንኛውም ገዢ የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

ሌላው ፍተሻ በባለቤት እጅ የሚከናወን ነው። ማሽኑ ሱቅ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል በባትሪ ብቻ ይሥራ፤ እርሷ ወይም እርሱ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጠው አንድ ገጽ አማርኛ ይተይቡበት፣ ዘወትር የሚከፍቷቸውን ፋይሎች ከፍላሽ ላይ ይክፈቱበት፣ ከዚያም ማሽኑን አንሥተው ክብደቱን ይዩ። ፊደሉ ከጣት ጋር እኩል መሄዱ፣ ማያ ገጹ ዓይን አለማድከሙና የታችኛው ክፍል እጅ እስኪያቃጥል አለመሞቁ በዚያው ይታወቃል፤ ዋጋ መነጋገርም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።